የአደን ጠመንጃ ቀለሃን ወደ ልኩ መመለስ፦ ሙሉ አካሉን ወይስ አንገቱን ብቻ?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጎንደር ማራኪ አካባቢ በቶርኖ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ይኖራል፤ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ያድናል፤ የተተኮሰውን ቀለሃም በሚኖርበት አገር ሕግ መሠረት እንደገና እየሞላ ይጠቀምበታል። ጠመንጃው በእጅ የሚቀባበል .300 ዊንቸስተር ማግነም ነው። አንዳንዶች «የቀለሃውን አንገት ብቻ አጥብብ፣ ነሐሱ ዕድሜ ያገኛል፣ ጥይቱም ዒላማውን አይስትም» ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ሙሉ አካሉን በዳይ (የተለጠጠውን ቀለሃ ጨምቆ ወደ ልኩ በሚመልሰው የብረት ቅርጽ) ውስጥ እንዲያሳልፍ ይመክሩታል። እስካሁን የሠራው በሁለተኛው መንገድ ሲሆን፣ ዳዩን ያስተካከለው ከአምራቹ ወረቀት ላይ እንዳነበበው እስከ ታች አጥብቆ ነው። አሁን ግን አንዳንዶቹ ቀለሃዎች ከግርጌያቸው፣ ከቀበቶው (ግርጌውን ከከበበው ወፈር ያለ ቀለበት) ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ መስመር አውጥተዋል፤ አንዱም በዚያው መስመር ላይ ተሰንጥቋል። የብረትን ጠባይ ታውቃለህ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ቢኖር ብዬ ወደ እናንተ አመጣሁት። አንገቱን ብቻ ወደ ማጥበብ ቢዞር ችግሩ ይፈታለታል?

መልስ (የአዘዞ ልጅ፣ ነዋሪነቱ ውጭ አገር)

ሰላም ለእርስዎም ለወንድምዎም ይሁን። ለአደን የምጠቀምበትን ጥይት ራሴ መሙላት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ምክሬ ሙሉ አካሉን ማሳለፉን እንዲቀጥል ነው፤ ነገር ግን የቀለሃው ትከሻ፣ ማለትም አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ፣ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚገፋ የሚወስነው የአምራቹ ወረቀት ሳይሆን የራሱ ጠመንጃ ልክ መሆን አለበት።

ጥይት ሲተኮስ ቀለሃው በጋዙ ግፊት ተለጥጦ በበርሜሉ ሥር ያለውን ማረፊያውን ይሞላል፤ ግፊቱ ሲወርድ በጥቂቱ ይሰበሰባል። አንገቱን ብቻ የሚያጠብ ሰው የቀረውን አካል በዚያ ጠመንጃ ልክ እንደ ተቀረጸ ይተወዋል፤ ነሐሱም ብዙ ስለማይንገላታ ይቆይለታል። ሆኖም ያው ቀለሃ ደጋግሞ ሲተኮስ አካሉና ትከሻው እየሰፉ ማረፊያውን ጨርሰው ይይዙታል፤ መቀርቀሪያውም በግድ የሚዘጋ ይሆናል። ዒላማ ለሚለማመድ ሰው ይህ ትንሽ ችግር ነው። በብርድና በበረዶ ውስጥ የቆሰለ እንስሳ ከፊቱ ቆሞ ሁለተኛውን ጥይት ማቀባበል ላለበት አዳኝ ግን ጥይቱ ያለ ትግል መግባቱ ከማንኛውም ጥቅም ይቀድማል፤ አንገት ብቻ ማጥበብን ለአደን የማልመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስንጥቁ የመጣው ሙሉ አካሉን በማሳለፉ ሳይሆን ትከሻውን ከሚገባው በላይ በመግፋቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ይህ ጥይት ከ1912ቱ .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የወረሰው ቀበቶ ከግርጌው አለው፤ በንድፉ መሠረት በማረፊያው ውስጥ ጥይቱን በቦታው የሚያቆመው ይህ ቀበቶ እንጂ ትከሻው አይደለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በትከሻው ፊት ሰፋ ያለ ክፍተት ይቀራል። ዳዩ እስከ ታች ሲጠብቅ ትከሻው በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጥይቱ ሲተኮስ የቀለሃው ፊተኛ ክፍል ግድግዳውን ይዞ ሲቀር ግርጌው ወደ መቀርቀሪያው ይሳባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ነሐስ፣ ማለትም ከቀበቶው በላይ ያለው፣ በየተኩሱ እየሳሳ ይሄዳል። የሚያብረቀርቀው መስመር የዚህ መሳሳት ምልክት ነው። በዚህ ሁኔታ የቆዩትን ቀለሃዎች በሙሉ ቢያስወግዳቸው እመርጣለሁ፤ ቀለሃ በተኩስ ጊዜ ከወገቡ ቢበጠስ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላልና። በአዲሶቹም ላይ ቢሆን ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ውስጡን ቢዳስስ፣ ጎድጉዶ የሚይዘውን ቦታ ከውጭ ከመታየቱ በፊት ያገኘዋል።

የሚቀጥለውን እርስዎ እንደ ቶርኖ ባለሙያ በቀላሉ ያስረዱታል። በመጀመሪያ በራሱ ጠመንጃ የተተኮሰውን ቀለሃ ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚለኩሰውን የግርጌ ቁራጭ) አውጥቶ፣ በካሊፐር ላይ በሚታሰር መለኪያ ከግርጌው እስከ ትከሻው ይለካ። ከዚያ ዳዩን ከፍ አድርጎ ይጀምርና ጥቂት በጥቂት ያውርደው። አካሉ ሲጨመቅ ትከሻው በመጀመሪያ ወደ ፊት ስለሚሄድ ልኩ ቢጨምር አይደንግጥ፤ ማውረዱን ሲቀጥል ይመለሳል። ከተተኮሰው ልክ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያንስ ያቁም። የዳዩ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ስለሆነ ሙሉ ዙሩ 1.81 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 0.05 ሚሊ ሜትር ማለት ከዙሩ አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ነው። በዓይን ግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

መልስ (በጎንደር የብረታ ብረት ሙያ መምህር)

ከላይ የተጻፈውን እደግፋለሁ፤ ስለ ነሐሱ ራሱ ግን የምጨምረው አለኝ። የቀለሃ ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። በቀዝቃዛው በተጨመቀና በተለጠጠ ቁጥር ይጠነክራል፤ አብዝቶ የጠነከረ አንገት ደግሞ ይሰነጠቃል። ብዙ ዳዮች አንገቱን ከሚፈለገው በላይ ካጠበቡት በኋላ በውስጣቸው ያለችው ኳስ ስትወጣ መልሳ ታሰፋዋለች፤ ይህ ድርብ እንግልት ስለሆነ የአንገቱን ውስጥ በስሱ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። አንገቱንና ትከሻውን በሙቀት ማለስለስ ይቻላል፤ ግርጌው ግን ፈጽሞ መሞቅ የለበትም፤ ግፊቱን የሚችለው በጥንካሬው ነውና።

ወንድምዎ ቀለሃውን አሞኒያ ባለበት ማጽጃ እንዳያጥበው አደራ ይበሉልኝ። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር ጥይቶች በዝናቡ ወራት፣ በተለይ በፈረስ ጋጣ አጠገብ ሲቀመጡ፣ ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ከእንስሳቱ ሽንት የሚወጣው አሞኒያና በነሐሱ ውስጥ የቀረው ውጥረት ተባብረው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣ ጥናት ተብራርቷል።

እዚህ ጎንደር ሆነው ለሚያነቡ ወገኖች፣ በአገራችን የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሆኑን ማስታወስ እወዳለሁ። ከላይ የተባለው ሁሉ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ለሚኖር ሰው የተሰጠ ምክር ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ የአሞኒያውን ነገር ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ወንድሜ ተመሳሳይ ጠመንጃ ካለው ጓደኛው ጋር ቀለሃ ይቀያየራል። ልኩ በማን ጠመንጃ ይወሰድ?

መልስ (የአዘዞ ልጅ)

ባይቀያየሩ ይሻላል። ሁለት ጠመንጃዎች በአንድ ፋብሪካ ቢሠሩም ማረፊያቸው እኩል አይሆንም፤ ከሰፊው የወጣ ቀለሃ ለጠባቡ እንዲስማማ ትከሻው ብዙ መገፋት አለበት፣ ይህም ወደዚያው ስንጥቅ ይመልሰዋል። እያንዳንዱ የራሱን በተለየ ሣጥን ያኑር። ወንድምዎም ባሩድ ከመጨመሩ በፊት ልኩ የተስተካከለውን ባዶ ቀለሃ በጠመንጃው ውስጥ አስገብቶ መቀርቀሪያውን ይዝጋው፤ መቀርቀሪያው በግድ ከተዘጋ፣ ዳዩን ገና ጥቂት ማውረድ ይቀረዋል።