ኡራል አየር አልሞላ አለ፣ 4 ላይ ይቆማል፤ ሌሊት መነሳት አለበት

ባለ ቦቴው፦ ሰላም ቤቶች። ኡራል 4320 ነው፣ ከሐራጅ የተገዛ የድሮ ወታደር መኪና፣ አሁን የውኃ ቦቴ ተጭኖበታል። ዛሬ ጠዋት ሲነሳ የፍሬኑ አየር በጌጁ 4 (ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር) ደርሶ ቀጥ አለ። ነዳጅ ቢረገጥም ንቅንቅ የለም። ሾፌሩ «ከፍታው ነው፣ ባቲን አልፈን ቆላ ስንገባ ይሞላል» ይላል። ኮምቦልቻ ነን፣ ሌሊት 10 ሰዓት መውጣት አለብን። ኮምፕሬሰር (አየር መጭመቂያ) ልግዛ ወይስ ምን ይሻላል? ቶሎ በሉልኝ።

ፋሻ፦ ኮምፕሬሰሩ ጨርሷል። ቀይረው።

ቀዩ ካቻቪቴ፦ ሾፌሩ ልክ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ አየር ሞልቷል። በተለይ ገደሉ ውስጥ።

ቁልፍ 17፦ ሞተሩ የቱ ነው? 4320 ሲባል እኮ አንድ አይደለም። በፊት የሚወጣው በካማዝ 740 ሞተር ነበር፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የካማዝ ሞተር ፋብሪካ ከተቃጠለ ወዲህ በያምዝ ሞተር ሆነ። ካማዙ ላይ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ጥርስ ነው፣ የሚላላ ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) የለውም። ያምዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቺንጋውን እይ። አጭሩን ወገን በአውራ ጣት ወደ 3 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ስትጫነው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ያንሸራትታል። ዘይት ከነካው ብታጠብቀውም ዋጋ የለውም፣ ቀይረው።

የከፍታውን ነገር ተወው። ኮምቦልቻ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ መሙላቱ ይዘገያል። 4 ላይ ግን አያቆመውም።

ፋሻ፦ ኮምፕሬሰር ነው አልኩ። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ሲበላ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጋሽ መካኒክ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ለመቀየር ትቸኩላላችሁ። ሰርቪስ ማለት መኪናው ሳይቆም የሚሠራ ሥራ ነው። የአየር በርሜሎቹ (አየሩ የሚጠራቀምባቸው) ማታ ማታ፣ ግፊት እያለ ይፈሳሉ፤ ክረምት ላይ ጠዋትም ይደገማል። የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ ተቀበሉት። ንጹሕ ውኃ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ዘይት ከበዛበት ያኔ ነው ፋሻና የቴስታታው (የኮምፕሬሰሩ ራስ) ቫልቮላ የሚጠረጠረው። ውኃ የሞላው በርሜል ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ያልቃል፣ የዚህ ልጅ ችግር ግን እሱ አይደለም። ልቀቱ የሚታወቀው ሞተር ጠፍቶ ነው፦ ፔዳል ሳይረገጥ 30 ደቂቃ፣ ተረግጦ 15 ደቂቃ ቢቆይ ከ0.5 በላይ መውረድ የለበትም። ከወረደ የልብስ ሳሙና በውኃ በጥብጦ በብሩሽ እየቀቡ መገጣጠሚያውን ሁሉ ማየት ነው። ወታደር ቤት ይህ የየቀኑ ሥራ ነበር፣ ሐራጅ ላይ መኪናው እንጂ ልማዱ አልተሸጠም።

ቨርጂኒያ ሞተር ፑል፦ ጋሽ መካኒክ ልክ ብለዋል። የአሜሪካ ጦር ከመንዳት በፊት፣ በመንዳት ላይና ከመንዳት በኋላ ብሎ ነው ምርመራውን የሚከፍለው። የፈሳሽ ልቀትንም በሦስት ደረጃ ይለያል፦ ያረጠበ ብቻ፣ ጠብታ ሠርቶ የማይወርድ፣ የሚንጠባጠብ። የሞተር ዘይት ሁለተኛው ላይ ቢሆን መጠኑን እየተከታተሉ ይነዳሉ። ነዳጅ ወይም የፍሬን ዘይት ከሆነ ግን ማርጠቡ ብቻ መኪናውን ያቆመዋል።

ባለ ቦቴው፦ ያምዝ ነው፣ ቺንጋው ደህና ነው። በርሜሉን አፈሰስኩ፣ ትንሽ ውኃ ብቻ ወጣ። ሰዓቱ እየሄደ ነው እባካችሁ።

ጎሚስታው፦ ካቢና ውስጥ ያለው የጎማ አየር ማንሻ የት ላይ ነው? ኡራል እኮ እየሄደ ጎማ የሚነፋ መኪና ነው። ማንሻው መሙያው ላይ ተረስቶ ከሆነ ስድስቱ ጎማዎች ከፍሬኑ አየር ላይ ነው የሚጠጡት። መሃል ላይ አድርገውና ሞተሩን አስነሳ። 4ን አልፎ ከሄደ ኮምፕሬሰርህ ጤነኛ ነው፣ ልቀቱ ጎማ ወገን ነው።

ባለ ቦቴው፦ መሙያው ላይ ነበር!! መሃል ሳደርገው 7 ገባ። ከዚያ ተፍ ብሎ ቆመ። ምን ላድርግ አሁን?

ጎሚስታው፦ ተፍ ያለው ሬጉላቶሩ (ግፊቱ ሲሞላ ትርፉን አየር የሚለቀው) ነው፣ ሥራውን ነው የሠራው። አሁን ስድስቱንም ቸርኬ ላይ ያሉትን የአየር መዝጊያዎች ዝጋና ማንሻውን ወደ መሙያ መልሰው። አሁንም አየር ከበላ ልቀቱ ከመዝጊያው በፊት ነው፦ ወይ የላስቲኩ ቱቦ፣ ወይ አየሩ ወደ ሚዞረው ክፍል የሚያልፍበት ፓራኦሊዮ (የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት)። ካልበላ አንድ አንድ እያልክ ክፈት። ጌጁ የሚወድቅበት ጎማ ወይ ካላማዳሪያው (የውስጥ ላስቲኩ) ወይ ቫልቮላው ነው። ፓራኦሊዮው ከሆነ ሞዮው (የቸርኬው እምብርት) አካባቢ ጆሮህን ብታስጠጋ ይሰማል። እሱን አታሳድረው፣ አየሩ ግሪሱን ወደ ፍሬን ሸራው ይገፋዋል።

ባለ ቦቴው፦ ጊዜ የለኝም። ስድስቱን ዘግቼ ብሄድስ?

ጎሚስታው፦ ይቻላል። እያንዳንዱን በእጅ ጌጅ 3.2 አድርገህ ዝጋ፣ እንደ ተራ መኪና ይሄዳል። ግን ካቢና ያለው የጎማ ጌጅ ከዚያ በኋላ ስለማያሳይህ በየቆምክበት እየወረድክ በእጅ ለካ። መኪናው ለብዙ ቀን ሲቆምም እነዚህ መዝጊያዎች መዘጋት አለባቸው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቁልፍ 17፦ ከመነሳትህ በፊት ፔዳሉን ሙሉ ረግጠህ ያዝና ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬኑ ስፒያ መብራት አለመብራቱን እይ። የዚህ መኪና ፍሬን አየርና ዘይት የተጣመረበት ነው፣ አየሩ የዘይቱን ፒስተን ይገፋል። ስፒያው ከበራ ፒስተኑ ከልኩ በላይ ርቋል ማለት ነው፤ ወይ ዘይት ጎድሏል፣ ወይ ሸራው ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። በእጅ ፍሬን አትተማመን፣ እሱ የሚይዘው ካርዳኑን (ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) ነው፣ ለማቆሚያ እንጂ ለባቲ ቁልቁለት አይደለም።

ቀዩ ካቻቪቴ፦ ዘይቱ ከጎደለ ያለውን ሃይድሮሊክ ጨምርበት፣ ያው ነው።

ጋሽ መካኒክ፦ ኧረ በእግዚአብሔር! ያው አይደለም። ማዕድናዊ ዘይት የፍሬን ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ሁሉ ፈትቶ ማጠብ ነው። የፍሬን ዘይት ብቻ።

ፋሻ፦ ለማንኛውም ኮምፕሬሰሩንም አስፈትሸው።

ቁልፍ 17፦ @ባለ ቦቴው ደረሳችሁ? የትኛው ጎማ ነበር?

ዚል 131፦ ባለ ቦቴው ከጠፋ እኔ ልጠይቅ። ዚሌ በጌጁ 5 እያሳየ ጎማ አልነፋ ይላል፣ ማንሻው ተበላሽቶ ይሆን?

ጎሚስታው፦ አልተበላሸም። ዚል 131 ላይ ለፍሬኑ የሚያስቀር ቫልቮላ አለ፣ የፍሬኑ አየር ከ5.5 በታች ሲሆን ወደ ጎማ አያሳልፍም። ሞተሩን ከፍ አድርገህ ጠብቀው።