ጥቆማ፦ ሥራ ፍለጋ ላይ ላለች የሒሳብ ምሩቅ የትኛው ሥልጠና ይጠቅማል?

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ። በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም በጊዜው አልፌያለሁ። ተቀጥሬበት የነበረው የግል ድርጅት ሥራው ስለተቀዛቀዘበት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ፤ አሁን ሥራ ፈላጊ ነኝ። የቀረችኝን ጥቂት ገንዘብ የትኛው ሥልጠና ላይ ባውላት እንደሚሻል መወሰን አቅቶኛል። ሜክሲኮና ለገሀር አካባቢ ያሉት ማሠልጠኛዎች ፒችትሪን (የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሙን)፣ አይ ኤፍ አር ኤስን (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀት ደረጃ) እና ግብርን በአንድ ጥቅል ያስተምራሉ። ኤክሴልን ብቻ ጠለቅ አድርጎ መማር ይበልጣል የሚሉኝም አሉ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የመንግሥት የኮምፒውተር ሥልጠና ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ ሐሳቤን ይከፍለዋል። ከ10,000 ብር በላይ መክፈል አልችልም። ራሳችሁ ተምራችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሜክሲኮው ተማሪ

እህቴ፣ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግሽም። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሰንጋ ተራ ስትሄጂ እኔ የተማርኩበት ቤት አለ፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። መምህሩ አንድ ተማሪ እንኳ ሳይገባው ከቀረ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አይሻገርም። እኔ፣ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሜ ሦስታችንም የተማርነው እዚያው ነው። ሌላ ቦታ እየዞሩ ዋጋ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ገንዘቤ ያልተመለሰልኝ

እህቴ፣ ለማንም ቢሆን ከመክፈልሽ በፊት የደረሰብኝን ስሚ። የቤቱን ስም አልጠራም። ማስታወቂያው «ሥልጠና ከሥራ ቅጥር ዋስትና ጋር» የሚል ነበር፤ በምዝገባው ዕለት ሙሉውን ለከፈለ ቅናሽ አለ ስለተባልኩ ሙሉውን ከፈልኩ። ትምህርቱ ሲጀመር ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሰው ሆነን ተቀመጥን፤ መዳፊቱን የሚይዘው ቀድሞ የደረሰው ነው፣ የቀረነው እናያለን። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ጽሑፍ እያነበበልን ያልፋል። የሥራ ቅጥር የተባለው ደግሞ በመጨረሻ ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የተጻፈ የልምምድ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ፤ እዚያም ያለ ደመወዝና ያለ ትራንስፖርት አበል ደረሰኝ ስደረድር ከረምኩ። ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ ደረሰኙን ገልብጠው ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የታተመችውን «የተከፈለ ክፍያ አይመለስም» የምትል መስመር አሳዩኝ።

የፒያሳ ነዋሪ

በጣም ያሳዝናል። የትኛው ቤት እንደሆነ በውስጥ መስመር ቢነግሩኝ፤ የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ልትመዘገብ ነው።

የሜክሲኮው ተማሪ

ይህ የእኛ ቤት ሊሆን አይችልም። የእኛ ቤት ሰው አያታልልም።

ገንዘቤ ያልተመለሰልኝ

የእናንተ ቤት ነው አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ውል በብዙ ቦታ ስላለ ሰው ይጠንቀቅ ብዬ ነው። ወንድሜ፣ ደረሰኝህ እጅህ ላይ ካለ እስቲ ገልብጠህ እየው።

ነርስ በሙያዬ

እኔ ግን ቋንቋ ይሻላል ባይ ነኝ። የጀርመንኛ ትምህርት በጎተ ኢንስቲትዩት፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቁ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ይሰጣል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ጀርመንኛን እስከ ቢ 2 ደረጃ ተምረው የሄዱ አሉ። ሥራ የሌለው ሰው ጊዜ ስላለው ቋንቋ ለመማር ከዚህ የተሻለ ወቅት አያገኝም።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ

በዚያው ገንዘብ መንጃ ፈቃድ ማውጣትም ይታሰብበት። ለሽያጭ ሠራተኛም ሆነ ለጉዳይ አስፈጻሚ መንዳት የሚችል አመልካች ይመረጣል።

ቀጥተኛው

ቋንቋውም መንጃ ፈቃዱም መልካም ነገር ነው፤ እህታችን ግን የጠየቀችው የሒሳብ ሥራ ለማግኘት የሚረዳትን ነው። የሜክሲኮው ወንድማችንንም አንድ ነገር ልጠይቀው፦ በዚያ ቤት ከተማራችሁት ከሦስታችሁ ዛሬ በፒችትሪ ሥራ የሚሠራው ማን ነው? ሥልጠናው ጠቃሚ ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ አልፈልግም፤ ይህንኑ ብቻ ንገረን።

የሜክሲኮው ተማሪ

ባለቤቴ የራሷን የሕፃናት ልብስ መደብር ከፍታለች፤ ወንድሜ ሾፌር ነው፤ እኔ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ይህ የመምህሩን ጉብዝና አይቀንሰውም። እዚያ የተማርኩትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ (ካዛንቺስ)

ለሒሳብ ክፍላችን ሰው ሲቀጠር ፈተናውን የማወጣው እኔ ስለሆንኩ በጠረጴዛው ማዶ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ተብሎ ከተለወጠ ዓመታት ቢያልፉም የሥራ ማስታወቂያዎች ዛሬም ፒችትሪ እያሉ ስለሚጽፉ ማወቁ ግድ ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙን ከፍቶ ደረሰኝ መመዝገብ ዲግሪ ላለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ነገር አይደለም። አመልካቾች የሚወድቁብኝ ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያን ከሽያጭ መዝገብ ጋር ማገናዘብ።

ማሠልጠኛን በአንዲት ጥያቄ መመዘን ትችያለሽ። ወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የተጣራ ክፍያው ስንት እንደሆነ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ እንዲሠራልሽ ጠይቂው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው እየተከፋፈለ በ15፣ በ20 እና በ25 በመቶ ሲሰላ ግብሩ 1,400 ብር ይሆናል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ማለትም 630 ብር ነው። ስለዚህ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 6,970 ብር ነው፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ደግሞ ከደመወዙ የሚቆረጥ አይደለም። አሠልጣኙ ከግብር ነጻ የሆነውን 600 ብር ብሎ ከጀመረልሽ የያዘው ማስተማሪያ የድሮው ነው፤ በዚያ ሠንጠረዥ ግብሩ 1,745 ብር ይመጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣ አመልካች ፈተናው ላይ የሚሳሳተው በራሱ ስንፍና ሳይሆን ከፍሎ በተማረው ነገር ስለሆነ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አይ ኤፍ አር ኤስን በተመለከተ፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ዕውቀቱ ተፈላጊ ሆኗል። ይሁን እንጂ በጥቅል ውስጥ ለጥቂት ቀናት የሚሰጠው መግቢያ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ያን ያህል ክብደት አያመጣም። ወደ ኦዲት ድርጅት ለመግባት ካላሰብሽ በስተቀር ለእርሱ ለብቻው አትክፈዪ።

ኤክሴል ጠለቅ አድርገሽ ተማሪ የሚሉሽ እውነታቸውን ነው። የፈተናችን ግማሽ የሚሠራው በኤክሴል ነው፤ ሁለት ዝርዝሮችን አመሳክሮ የጎደለውን የሚያወጣ ሰው ስናገኝ ስለሌላው ብዙም አንጨነቅም።

ኮደር ነኝ

የ5 ሚሊዮን ኮደሮቹን ጨርሻለሁ። መርሐ ግብሩ በሐምሌ 2016 የተጀመረ ሲሆን ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶች አሉት። ለአንቺ ዳታ ሳይንሱ ይቀርብሻል። ምስክር ወረቀቱን በማቅረብ ብቻ የቀጠረኝ የለም፤ ከኤክሴል ጋር ሲደመር ግን ቃለ መጠይቅ ላይ የምናገረው ነገር ሰጥቶኛል። ነጻ ስለሆነ ከሚከፈልበት ሥልጠና ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል። ቤትሽ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ከሌለሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፈርሽ ነው፤ እኔ አብዛኛውን እዚያ ነው የጨረስኩት፤ ጠዋት በጊዜ ከደረሱ መቀመጫ አይቸግርም።

ገንዘቤ ያልተመለሰልኝ

ኃላፊው ስለ 600 ብሩ የጻፉት ገረመኝ፤ እኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለው ያው ነው። እንግዲህ ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተሽ ለማየት ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ ተመለሺ። ክፍያውንም በየወሩ የሚቀበሉ ከሆነ ብቻ ጀምሪ። የሥልጠና ፈቃዳቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደሆነና የታደሰበትን ዓመት ተመልከቺ፤ የንግድ ፈቃድ ብቻውን በቂ አይደለም።

የፒያሳ ነዋሪ

ፒያሳ የነበሩ አንዳንድ ማሠልጠኛዎች አካባቢው ሲፈርስ ቦታ ስለለወጡ፣ በድሮ አድራሻ ከመሄድ ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል።

የሜክሲኮው ተማሪ

የ9,000 ብሩን ጥያቄ መምህራችን በቃሉ እንደሚሠራው እርግጠኛ ነኝ።

ቀጥተኛው

እንግዲያውስ ጠይቀህ መልሱን እዚሁ ጻፍልን። ትክክል ከሆነ ሁላችንም እንመሰክርለታለን።

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኃላፊው፣ ደመወዙን ራሴ በወረቀት ሠርቼ 6,970 አግኝቻለሁ፤ ባንክ ማስታረቁን ግን ከትምህርት ቤት ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ለመለማመጃ የሚሆን የባንክ መግለጫና የመዝገብ ናሙና ከየት ይገኛል?

የሒሳብ ክፍል ኃላፊ (ካዛንቺስ)

የራስሽን የባንክ ሒሳብ መግለጫ አውጪ። ገቢና ወጪሽን በኤክሴል ለብቻው መዝግበሽ ልዩነቱን ፈልጊ፤ የአገልግሎት ክፍያው በመግለጫው ላይ ኖሮ አንቺ ያልመዘገብሽው ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያንን ካወቅሽበት በኋላ የድርጅት ናሙና አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።

አዲስ ገቢ

እኔ በቴክኒክና ሙያ በሒሳብ ደረጃ 4 ተምሬ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ገና አልተፈተንኩም። ይህ ለእኔም ይሠራል ወይስ ምዘናውን ላስቀድም?

ኮደር ነኝ

ምዘናውን አስቀድም። ማስታወቂያዎቹ ለደረጃ 4 ሲኦሲ ያለፈ ይላሉ፤ ያለ እርሱ ማመልከቻህን አይቀበሉህም።