በጅማ የተሠራ ሥራ ለፒኤምፒ ፈተና ይቆጠራል?

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በግንባታና በንጹህ መጠጥ ውኃ ፕሮጀክቶች ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ ካናዳ በሙያዬ ሥራ ለማግኘት እንዲረዳኝ የፒኤምፒ (የፕሮጀክት ማኔጅመንት ባለሙያነት የምስክር ወረቀት) ፈተናን ለመውሰድ አስቤአለሁ። የአገር ቤት ልምዴ ይቆጠርልኝ እንደሆነ፣ ዝግጅቱንም ከምን ብጀምር እንደሚሻል የሚያውቅ ቢመክረኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከጅማ፦

እህታችን፣ ልምድዎ ያለ ጥርጥር ይቆጠራል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ፒኤምአይ የተባለው ተቋም ሥራው በየትኛው አገር ተሠራ ብሎ ሳይሆን ፕሮጀክቱን መርተዋል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው አመልካች የ36 ወር፣ ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ያጠናቀቀ ደግሞ የ60 ወር የመምራት ልምድ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በዚህ ላይ የ35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ትምህርት ያስፈልጋል፤ መጽሐፍ ገዝቶ በግል ማንበብ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም።

የቀድሞ ባልደረቦቼ ከውጭ አገር ሆነው ልምዳቸውን እንዳረጋግጥላቸው ሲጠይቁኝ የማየው ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ልምዱ ከማመልከቻው ዕለት ወደ ኋላ ሲቆጠር በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ገደቡ ስምንት ዓመት ነበር፣ አሁን ስንት እንደሆነ ከፒኤምአይ ያረጋግጡ። በስምንት ዓመቱ ስሌት በሰኔ 2008 የተጠናቀቀ ሥራ ከሰኔ 2016 በኋላ በማመልከቻ ላይ ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው። ወገኖቻችን ከአገር ሲወጡ ኑሮን ማደላደል ይቅደም ብለው ባገኙት ሥራ ላይ ዓመታት ይቆያሉ፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በቆዩ ቁጥር በጅማ ያፈሩት ልምድ ከሥሩ እያለቀ ይሄዳል፤ ጎበዝ መሐንዲሶች በዚህ ምክንያት ብቻ እንደ ጀማሪ ሲቆጠሩ ማየት በእጅጉ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከማጥናትዎ በፊት ማመልከቻዎን ያዘጋጁ። ማመልከቻው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለመፈተን የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ዓመት ውስጥም እስከ ሦስት ጊዜ መፈተን ይቻላል።

ማመልከቻውን ሲሞሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ብቻ አይመኑ። የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ እንደሚያውቁት መደቡን፣ ደመወዙንና ጊዜውን ጠቅሶ፣ የሥራ ግብርም ተቆርጦ ገቢ መደረጉን ገልጾ፣ በማህተም ይዘጋል። ሰውየው ምን እንደመራ አንድም ቃል የለበትም። ለምሳሌ በማና ወረዳ ምንጭ አጎልብተው ከነበረ ዓላማው ምን እንደነበረ፣ ዕቅዱንና በጀቱን ማን እንዳዘጋጀ፣ ተቋራጩን እንዴት እንደተቆጣጠሩ፣ ርክክቡ እንዴት እንደተፈጸመና ውጤቱ ምን እንደሆነ በራስዎ አንደበት መጻፍ ይኖርብዎታል። «ተሳትፌአለሁ» የሚለው አጻጻፍ አይረዳዎትም፤ የመሩትን መራሁ ብለው ይጻፉ። በይሉኝታ ራስን ዝቅ ማድረግ እዚህ ቦታ ላይ ይጎዳል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሚታወቅበት ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ተማሪ ሳሉ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው የሠሩት ሥራ ግን፣ ምንም ያህል ቢደክሙበት፣ የትምህርት አካል ስለሆነ አይገባም። በተመሳሳይ ወራት ሁለት ፕሮጀክቶች መርተው ከነበረም ወራቱ የሚቆጠሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዘመን አቆጣጠሩንም ያስተውሉ፤ መስከረም 2010 በፈረንጆች 2017 ሲሆን የካቲት 2010 ግን 2018 ነው፤ ሁሉንም በጅምላ ስምንት እየደመሩ የላኩ ሰዎች ቀኖቻቸው ከአረጋጋጩ ቃል ጋር ሳይገጥሙ ቀርተዋል። በማመልከቻው ላይ የሚሞላው ስምም በፈተናው ዕለት ከሚያቀርቡት ፓስፖርት ጋር በላቲን ፊደል አጻጻፉ ሳይቀር አንድ መሆን አለበት።

ወደ ፈተናው ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥራ ላይ በዋለው ቅርጽ መሠረት 180 ጥያቄዎች በ230 ደቂቃ ይሠሩ ነበር። ሁለት የአሥር ደቂቃ ዕረፍቶች ያሉ ሲሆን ከዕረፍት በኋላ ወደ ቀደመው ክፍል መመለስ አይቻልም። ከጥያቄዎቹ 42 በመቶው ሰዎችን ስለመምራት፣ 50 በመቶው ስለ አሠራር ሂደት፣ 8 በመቶው ስለ ንግድና ተቋማዊ ሁኔታ ነበር፤ ይዘቱ በየጊዜው ስለሚከለስ በሚያመለክቱበት ወቅት ያለውን ዝርዝር ያንብቡ። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ በዚያ ቅርጽ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ በአማካይ 77 ሰከንድ ገደማ ስለነበረ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በፍጥነት ማንበብን ይለማመዱ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን የጥያቄዎቹ መንፈስ ነው። በጎማ ወረዳ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግንባታ እየመሩ ነው እንበል። ቡናው ከመቅላቱ በፊት መፈልፈያው መተከል፣ የማድረቂያ አልጋዎቹም መሠራት አለባቸው። በነሐሴ ከታች ያሉ ነዋሪዎች «እጣቢው ወንዛችን ውስጥ ሊለቀቅ ነው» ብለው ሥራውን አስቆሙ። መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? አንደኛው ምርጫ ለዞኑ ኃላፊ በደብዳቤ ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው የእጣቢ ጉድጓዱን ንድፍ ወዲያው መለወጥ፤ ሦስተኛው ሥራው በጥበቃ ኃይል እንዲቀጥል ማድረግ፤ አራተኛው ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ስጋታቸውን መረዳትና በሥራው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መመርመር። በእኛ የመሥሪያ ቤት ልማድ ያደገ ሰው ሳያስበው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም «ለበላይ አካል ማሳወቅ» ከተጠያቂነት የሚያድነው እርሱ ነውና። ፈተናው የሚፈልገው አራተኛውን ነው። ለበላይ ማሳወቅ ተገቢ የሚሆነው ጉዳዩ ከእርስዎ ሥልጣን በላይ ሲሆን ነው፤ ንድፉም የሚለወጠው ውጤቱ ተጠንቶ በለውጥ አሠራሩ ሲፈቀድ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ አካሄድ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለወረዳዎቻችን ሥራም የሚበጅ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስለዚህ የመለማመጃ ጥያቄ ሲሠሩ የተሳሳቱበትን ብቻ ሳይሆን በትክክል የመለሱትንም ለምን እንደመለሱት ይመርምሩ።

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀድሞ አለቃዬ ያሉበትን አላውቅም፤ ያሠራን ድርጅትም ተዘግቷል። ማን ሊያረጋግጥልኝ ይችላል?

መልስ፣ ከጅማ፦

አለቃ ካልተገኘ ፕሮጀክቱን በቅርብ የሚያውቅ ባልደረባ ወይም ሥራውን ያሠራው ደንበኛ ሊያረጋግጥ ይችላል። በእርስዎ ሥራ ፕሮጀክቱን የተረከበው የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ከሁሉ ይሻላል፤ ከተቻለም የርክክብ ሰነዱ ቅጂ እንዲፈለግልዎ ይጠይቁ። ለኦዲት፣ ማለትም የማመልከቻው ቃል በማስረጃ እንዲጣራ፣ የሚመረጡት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ከተመረጡ ማስረጃውን ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ለአረጋጋጩ አስቀድመው ይደውሉለት፤ የጻፉትንም መግለጫ ይላኩለትና ከሚያስታውሰው ጋር ያስተያየው። ሳይነገረው ከማያውቀው ተቋም በእንግሊዝኛ የመጣ ኢሜይል ማጭበርበሪያ መስሎት ሊያጠፋው ይችላል። ጅማ ውስጥ ሰው ማፈላለግ ካስፈለገ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱንና የፕሮጀክቱን ስም ላኩልኝ፤ በአካል ሄጄ እጠይቅልዎታለሁ።