ለወፍ ያለቀሰ ገጣሚ ወረራን እንዴት ያሞግሳል?

የሮማው አባት፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ የጆቫኒ ፓስኮሊን ግጥም በቃሉ እንዲይዝ ታዞ መጣ። ለጫጩቶቿ ምግብ ይዛ ስትመለስ የተገደለች ወፍ፣ ለልጆቹ ሁለት አሻንጉሊት ይዞ ሲመለስ የተገደለ አባት። አንጀት ይበላል። ስለ ሰውየው ሳነብ ግን፣ ለካ በ1911 (ሁሉም በፈረንጆች ነው) ባርጋ የምትባል ከተማ ቲያትር ቤት ቆሞ የሊቢያን ወረራ ያወደሰው እሱ ራሱ ነው! ድሃው ጣሊያናዊ በሰው አገር ጉልበቱን እየሸጠ ከሚዋረድ፣ ሮማውያን ያለሙትን መሬት ሄዶ ይረስ ነው ነገሩ። ባለቤቶቹስ የት ይሂዱ? ደግሞ እኛን ሲወሩ ካህናቶቻቸው ምን ብለው ባረኩ? ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን ነን እኮ።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ወንድሜ፣ የሚላኖውን ካርዲናል ሹስተርን ስብከት ፈልግ፤ ኦክቶበር 28 ቀን 1935፣ ዱኦሞ በሚሉት የከተማው ካቴድራል ውስጥ። ጦሩ የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እያደረሰ፣ የባሪያውን ሰንሰለት እየበጠሰ ነው አለ። በዲሴምበር ሚስቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው የብረት ቀለበት አጠለቁ፤ ከጳጳሳቱም የአንገት መስቀላቸውን ያዋጡ ነበሩ። ባርነት በአገራችን መኖሩ ሐቅ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም፤ ስብከቱ ጆሮ ያገኘውም በዚሁ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሜይ 1937፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ በመትረየስ ተረሸኑ። መስቀል ይዘው የነበሩት እነሱ ናቸው!

ቴርሚኒ ሰፈር፦
ሁሉንም ገጣሚ በአንድ አንፈርጅ። ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ሲደመስስ ሮማ ሐውልት አቆመችላቸው። አውቶቡስ የምንጠብቅበት አደባባይ እስከ ዛሬ የሚጠራው በእነሱ ነው፣ “የአምስት መቶዎቹ” እየተባለ። ያኔ ታላቁ ገጣሚ ካርዱቺ ለሟቾቹ ክብር ሲጋበዝ እምቢ አለ፤ እኛ ኦስትሪያን እንደተከላከልን ሐበሾችም እኛን መመለሳቸው ትክክል ነው ብሎ። ኋላ እሱም ከቅኝ ግዛት ፈላጊው ጠቅላይ ሚኒስትር ከክሪስፒ ጎን ቆመ እንጂ። የሚገርመው፣ ፓስኮሊ የካርዱቺ ተማሪ ነው፤ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩንም የወረሰው እሱ ነው።

የሮማው አባት፦
ይህንስ አልሰማሁም ነበር። ልጁ ሰኞ ስለ ፓስኮሊ ክፍል ውስጥ ይናገራል። ባርጋን ይጨምርበት? መምህሯ እንዳትከፋ ብዬ ነው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ይጨምር እንጂ! መጀመሪያ ግን ግጥሙን አሳምሮ ይበልላት።