በአሮጌ ላፕቶፕ የትኛውን ብሮውዘር ልጠቀም?

ያጀማ፣ እስኪ አንድ በሉኝ። ሥራዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ሰው ፎርም ለማስሞላት፣ ኢሜይሉን ለማየት ይመጣል። ላፕቶፔ አሮጌ ናት፤ ዊንዶውስ 7፣ ራሟ 4 ጊጋ። ኢንተርኔቱም ከስልኬ ሆትስፖት ነው።

ክሮም ዊንዶውስ 7ን የተወው በፈረንጆቹ 2023 ነው። 109ኛው እትም ላይ ቀርቷል። ኤጅና ብሬቭም የተሠሩት ክሮም በተሠራበት በክሮሚየም ላይ ስለሆነ አብረው ቆመዋል። የእህቴ ልጅ ግን "ብሬቭን ጫን፣ ማስታወቂያ ስለሚያግድ ዳታ ይቆጥብልሃል" ይለኛል። መቆጠቡስ ይቆጥባል። ግን በማይታደስ ብሮውዘር የሰው የይለፍ ቃል ማስገባት ያስፈራኛል። የራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

ፋየርፎክስ 115 ክሮም ካቆመ በኋላም ለዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ ሲያገኝ ስለቆየ እሱን ጫንኩ። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃም ጨመርኩበት፤ ቀለል አለልኝ። ችግሩ፣ አንዳንድ ፎርም ላይ "ላክ" የሚለው ቁልፍ ጭራሽ አይሠራም። ማገጃውን ባጠፋም ያው ነው። ከዚያ ደንበኛው ቆሞ እያየኝ በክሮም እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። ኧረ ያሳፍራል!

ፋየርፎክስን ለሁሉም፣ ክሮምን ለእምቢተኛ ፎርሞች ብቻ ባደርግ ያዋጣል? ወይስ ዊንዶውስ 10 ብጭን 4 ጊጋ ራም ይችለዋል? ብሮውዘሩን ስዘጋ የደንበኛውን ነገር ሁሉ በራሱ እንዲያጠፋስ የቱ ጋ ነው የማስተካክለው? አዲስ ላፕቶፕ ግዛ የምትሉኝ አብሽሩ፣ ዋጋውን ጠይቄ ነው የመጣሁት።