አያቴ የተወችልኝ የእንግሊዝ ወታደር የልብስ ቁልፍ የመቅደላ ነው?

የደላንታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ካረፈች ዓመት ሆናት። የገንዘብ ከረጢቷ አፍ ላይ አንድ የብረት ቁልፍ ተሰፍቶ ነበር፤ አሁን እኔ ጋ ነው። ፊቱ ላይ አንበሳና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ጋሻ ይዘው ቆመዋል። ከላይ ዘውድ አለ። በማስመሪያ ስለካው 25 ሚሊሜትር ሆነ። አገራችን ደላንታ ነው፤ ከመቅደላ ብዙ አይርቅም። "በቴዎድሮስ ጊዜ ከእንግሊዝ ወታደር የወደቀ ነው" ሲባል ነው ያደግነው። እውነት ነው? በጣም ስለጠቆረ ጀርባው አይነበብም።

አቡሽ፦
በሎሚና በአመድ ፈትጊው፤ እንደ ወርቅ ነው የሚያበራው።

ቁልፍ ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትፈትጊው! ሎሚው ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ብረቱንም ይበላዋል። አመዱ ደግሞ ፊደሉን፣ የወርቅ ቅብ ካለውም ቅቡን ይሞርደዋል። እኔ አንድ ቆንጆ ቁልፍ እንደዚያ አበላሽቻለሁ፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በንጹሕ ውሃ ነክረሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊው። ከዚያ በደንብ አድርቂው።

የምኖረው ለንደን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ ገበያ እየዞርኩ እነዚህን ቁልፎች እሰበስባለሁ። የጀመርኩት በመቅደላ ምክንያት ስለሆነ ጥያቄሽ ልቤን ነካው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የመቅደላ አይመስለኝም። ወደ መቅደላ ከዘመቱት እግረኞች መካከል 4ኛው፣ 33ኛውና 45ኛው ሬጅመንቶች (የጦር ክፍሎች) ነበሩ። ያኔ የተራ እግረኛ ቁልፍ ላይ የሚታተመው የሬጅመንቱ ቁጥር ነው። አንበሳና ባለ ቀንዱ ፈረስ ያሉበት የጋራ ቁልፍ ለተራ ወታደር የመጣው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። መቅደላ ደግሞ 1868። ሦስት ዓመት ይቀድማል።

አሁን ዘውዱን እይልኝ። ቅስቶቹ መሀል ላይ ጎድጎድ ካሉ የንግሥት ዘውድ ነው፦ ወይ የቪክቶሪያ፣ ወይ የኤልሳቤጥ። እንደ ጉልላት ክብ ብለው ከወጡ ግን የንጉሥ ዘውድ ነው፤ ከ1901 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ያለው ማለት ነው። ጀርባውንም እይ። ብዙ ጊዜ የሠሪው ስምና ከተማው አለበት።

የደላንታ ልጅ፦
እንዳልከኝ አደረግኩ። ዘውዱ ክብ ነው! ጀርባው ላይ "ጋውንት" እና "በርሚንግሃም" የሚል ወጣ። ትንሽ ከፋኝ፤ መላው ቤተሰብ የመቅደላ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ "አያትሽ ከጎጃም ዘመቻ የእንግሊዝ ካፖርት ለብሶ መጣ" ትለኝ ነበር። አርበኛ ነበር።

ቁልፍ ሰብሳቢ፦
እንዴ፣ ዋናው ነገር እኮ ይሄ ነው! ጋውንት በርሚንግሃም ውስጥ የነበረ የታወቀ ቁልፍና ባጅ ሠሪ ነው። 25 ሚሊሜትርም ለካፖርት ልክ ነው። በ1933 ዓ.ም. (1941 እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዮን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ በቡሬ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ደርሷል። ከአያትሽ ታሪክ ጋር በደንብ ይገጥማል።

እኔ ቁጥር 33 ያለበት ቁልፍ አለኝ። የመቅደላን በር ጥሶ የገባው ሬጅመንት ነው። ግን ቁልፉን የለበሰው ሰው ማን እንደሆነ፣ መቅደላ ይርገጥ አይርገጥ፣ የሚነግረኝ የለም። ያንቺ ግን የማን እንደነበር ይታወቃል። እኔ ብሆን በእኔ አሥር ቁልፍ አልለውጠውም።

የወታደር ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ከነጻነት በኋላም እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሠራዊታችንን ያሠለጥን ነበር። በዚያ ጊዜም የእንግሊዝ ዕቃ ገብቷል። ስለዚህ አያትሽ ካፖርቱን መቼ እንዳገኘ ከትልልቆቹ ጠይቂ።

የደላንታ ልጅ፦
ደሴ ያለው አጎቴ ጋ ደወልኩ። ካፖርቱን ያስታውሰዋል። ልጅ ሆኖ ሌሊት ይለብሰው ነበር። ሲያልቅ አያቴ ቆራርጣ ለአህያ ዳውላ መጣፊያ አደረገችው፤ ቁልፉን ግን ራሷ ነቅላ አስቀመጠችው። ዘመቻው መቼ እንደነበር በደንብ አልነገረኝም። ለፋሲካ ስሄድ ወረቀት ይዤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።