ኤሲያችን በየጊዜው ይበላሻል፤ እንዲበረክት ምን ላድርግ? (ድሬዳዋ)

ጥያቄ፣ ከሳቢያን
ሰላም ቤተሰብ። ከሦስት ዓመት በፊት ለእናቴ ክፍል ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ ኤሲ ገዛን። ባለፈው ዓመት ግንቦት መብራት ሄዶ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄዶ መጣ፤ ከዚያ የውጪው ማሽን እምም እያለ መነሳት አቃተው። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን እየጨመቀ የሚገፋው ሞተር) ተቃጥሏል ተባልን፣ አስቀየርን። አሁን ደግሞ ማቀዝቀዙ ቀንሷል፣ ቱቦው ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከውስጠኛው ክፍል ውሃ በግድግዳው ይወርዳል። የሚመጣው ሁሉ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞልቶ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ ቀን ላይ ሙቀቱን አትችለውም። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ኤሲ ጠጋኝ፣ ከዚራ
አቦ እህቴ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዳትከፍዪ። ጋዝ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም፤ በቱቦው ውስጥ እየተመላለሰ ነው የሚሠራው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ እሱ ሳይገኝ መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው።

ግን ከዚያ በፊት ፊልተሩን እዪ። አጥፊውና የፊቱን ክዳን ወደ ላይ አንሺ፣ ሁለቱን ወንፊቶች ሳብ አድርገሽ አውጪና ወደ መስኮት ብርሃን ያዢያቸው። ብርሃን ካላሳለፉ አየርም አያሳልፉም። አየር ሲያጣ ውስጥ ያለው ኮይል፣ ማለት አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል፣ ከዜሮ በታች ይወርድና በረዶ ይይዛል፤ በረዶው ሲቀልጥ ነው ግድግዳው የሚረጥበው። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቢ፣ ጥላ ላይ አድርቂ፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። በድሬ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚታጠበው።

መልስ፣ ዱባይ የምሠራ
የውሃ መውጫውን ቱቦም አጽጂው፣ አቧራና አልጌ ይደፍነዋል። የውጪው ማሽን ሲታጠብ ደግሞ በመኪና ማጠቢያ ግፊት እንዳይመቱት፤ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ ከተጣጠፉ አየር መተላለፊያ የለም። ቀስ ያለ ውሃ ይበቃል።

መልስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ገንደ ቆሬ
የመጀመሪያው ኮምፕረሰር ሳይፈተሽ የተጣለ ይመስለኛል፣ ያናድዳል። እምም እያለ አለመነሳት ብዙ ጊዜ የካፓሲተር፣ ማለት ሞተሩ እንዲነሳ የሚያግዘው ትንሽ ዕቃ፣ ችግር ነው፤ ዋጋው ከኮምፕረሰር ጋር አይወዳደርም። ማንም «ተቃጥሏል» ሲልሽ መጀመሪያ ካፓሲተሩን ለክቶ ያሳይሽ።

መብራቱን በተመለከተ፦ ኮምፕረሰር ሲቆም በአንድ በኩል ያለው ግፊት ከፍተኛ እንደሆነ ይቆያል። እኩል እስኪሆን 3 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ወዲያው ከተነሳ ከግፊቱ ጋር ይታገላል፣ ሽቦው ይግላል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ብሬከሩን አውርጂ፤ ተመልሶ ሲረጋ ጠብቀሽ አብሪ። ቤት የሚውሉት እናትሽ ስለሆኑ ግን ይህን በእሳቸው ላይ አትጣዪ። አዘግይቶ የሚያበራ ባለ 5 ኬቪኤ ስታብላይዘር አስገቢ። 220 የሚባለው ቮልት ማታ ማታ ሲወርድም እሱ ይይዘዋል።

መልስ፣ እናት ነኝ፣ ከነምበር ዋን
ልጄ፣ እኔ የውጪው ማሽን እንዲቀዘቅዝ ብዬ በየቀኑ ውሃ እረጭበት ነበር። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያን ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ማሽኑም እንደዚያው ነጭ ቅርፊት ለበሰና አየር አጣ። አሁን ከላዩ የቆርቆሮ ጥላ አሠርቻለሁ፣ ፊትና ጎኑን ክፍት ትቼ። ሪሞቱንም 25 ላይ እተወዋለሁ። 16 ላይ ቢያደርጉት ቤቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ማሽኑ ብቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊልተሩን ሳወጣ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተገምሶ ተነሳ፤ ከተገዛ ጀምሮ አልታጠበም። አጥቤ መለስኩት፣ በረዶው ቆመ። ግን ቅዝቃዜው አሁንም እንደ ድሮው አይደለም። ውጪ ቱቦው ከማሽኑ የሚገናኝበት ብሎን ላይ አቧራ የያዘ ቅባት አየሁ፤ ችግር አለው?

ኤሲ ጠጋኝ፣ ከዚራ
ቦታውን ራስሽ አገኘሽው። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ጋዝ በሚያፈስበት ይወጣል። የሳሙና አረፋ ቀቢበት፣ ጋዝ ካፈሰሰ አረፋው ይነፋፋል። የሚመጣው ሰው የቱቦውን አፍ እንደገና ይሥራው፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ያውጣ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ በሚዛን ይሙላ። ፓምፕና ሚዛን ሳይዝ ከመጣ አታስነኪው።

ጠያቂዋ
ሚዛን ይዞ የመጣ አንድም አላየሁም። ነገ ደውዬ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠይቀው።